የሚስማር ጫማ

ሪያድ፣ ዑድ ሰፈር
ኅዳር 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ላሳደግሽኝ አክስቴ ለሰሊማ፣

አሰላሙ አለይኩም ወረሕመቱላህ። ጤናሽ፣ ጉልበትሽ፣ ዓይንሽ፣ ላሚቱ፣ ጓሮሽ፣ ሁሉም እንደምን ከርሟል? እኔ አልሐምዱሊላህ፣ ካንቺ ናፍቆት በቀር የጎደለብኝ የለም። አላህ ዕድሜሽን ያርዝመው፣ ከሰው ፊት አያሳንስሽ።

የቀበሌያችን የስልክ ማማ ከተቃጠለ ወዲህ ድምፅሽን ሳልሰማ አምስት ወር ሞላኝ። ይህን ወረቀት የምታደርስልሽ ሰሚሃ ናት፤ ያቺ ልብስ እያመላለሰች የምትነግደው ልጅ። በየሁለት ወሩ ወዲህና ወዲያ ስለምትል መልሱን ለእሷ ስጫት።

ሥራ ቀይሬያለሁ። ሹፍርናውን ትቼ ወለል ሠሪ ሆኛለሁ። አትሳቂ። እዚህ አገር ባለጸጋው የመኪናውን ማደሪያ ከእኛ እልፍኝ አስበልጦ ያስጌጣል። መጀመሪያ ሲሚንቶውን በማሽን እንፍቀዋለን፤ ማሽኑ ከክንድሽ ተነሥቶ ጥርስሽን ያንቀጠቅጣል። ከዚያ ኢፖክሲ የሚሉትን እንደ ማር የወፈረ ፈሳሽ ከማጠንከሪያው ጋር ለውሰን እናፈሳለን። ካፈሰስን በኋላ ከጫማችን ሥር ሚስማር የተተከለበት ሌላ ጫማ አስረን፣ እርጥቡ ላይ እየተራመድን ፍሌክ እንበትናለን። ፍሌክ ማለት እንደ ዓሣ ቅርፊት የሳሳ፣ ባለቀለም ፕላስቲክ ነው። ወደ ታች አይወረወርም፤ ወደ ላይ ተበትኖ እንደ ጤፍ ዘር በራሱ ጊዜ መውረድ አለበት። ያደግኩበት ስለሆነ በሁለት ቀን ለመድኩት። በማግስቱ ትርፉ ይጠረግና መስታወት የመሰለ ሽፋን ይደረብበታል፤ ኸላስ፣ አለቀ፤ ብታዪው በእግርሽ ለመርገጥ ታፍሪያለሽ።

ክፋቱ፣ የተለወሰው ፈሳሽ አይጠብቅም። በዚህ ሙቀት ሩብ ሰዓት ካቆየሽው ባልዲው ውስጥ ይጨስና ድንጋይ ይሆናል። ባለፈው ሳምንት ሺፋ ሰፈር ላይ አንድ ባልዲ ደረቀብኝና አለቃችን አቡ ነዋፍ ፈሳሹን በምናዳርስበት ሮለር ብረት ጀርባዬን ሦስት ጊዜ አለኝ። አራተኛውን ሲያነሳ አብሮኝ የሚሠራው ያሲን እጁን ያዘው። ለእሱም ደረሰው፤ ቅንድቡ ተተርትሮ ደሙ አፉ ውስጥ ገባ። ስጠርግለት፣ ዱላ የሚያመው ለብቻ ሲሆን ነው ብሎ ሳቀብኝ።

ያሲን አገሬ መርሳ ነው ይላል። ሥራውን ያስተማረኝ እሱ ነው። ከአንድ ትሪ ነው የምንበላው፤ ሁልጊዜ ሩዙን ለራሱ እየዛቀ የዶሮውን ሥጋ ወደ እኔ ይገፋል። ረቡዕና ዓርብ ደግሞ ጨጓራዬን ይላል፣ ሻዩን እንኳ ያለ ወተት ነው። ከአቧራው የተነሣ ቀዩን ሽማግ፣ የዐረቦቹን ራስ መጠምጠሚያ፣ ከራሱ አያወልቅም፣ ሲተኛም ተጠቅልሎ ነው። ሰላት ላይ ሰነፍ ነው እንጂ እንደ እሱ ያለ ሰው አላየሁም። አብዱልፈታህ ከሞተብኝ ወዲህ ወንድም ያገኘሁ መስሎኛል።

ለመሆኑ የወንድሜ ደም ነገር ከምን ደረሰ? ያ የደምሴ ልጅ፣ ባንቴ፣ ያለበት ተሰማ ወይ? የጉልበትሽን መድኃኒት በሰሚሃ ልኬልሻለሁ። ዱዓሽ ከላዬ አይነሣ።

ያሳደግሽው፣ ፈድሉ


ሐርቡ
ጥር 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለፈድሉ፣ ለዓይኔ፣

ወአለይኩሙሰላም። አላህ ከክፉ ዓይንና ከክፉ ዱላ ይጠብቅህ። ይህን የምጽፈው በገዛ እጄ ነው። ጎረቤቱ ሁሉ ልጻፍልሽ ቢለኝ እምቢ አልኩ፤ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ፊደል የቆጠርኩት ምስጢሬን ለመንደር ላሰማ አይደለም። ከተጣመመ አንተ አቅንተህ አንብበው።

ጀርባህን መመታትህን ያነበብኩ ቀን እህል አልቀመስኩም። የዚያ ሰውዬ እጁ ከትከሻው ይውለቅ። አንተም ደግሞ ባልዲህን ጠብቅ።

አሁን ስማኝ። አንተ ሞኝ ነህ። ከልጅነትህ ጀምሮ ያቀመሰህን ሁሉ ወዳጅ ትላለህ። ሥጋ ወደ ሌላ የሚገፋ፣ ረቡዕና ዓርብ ወተት የማይነካ፣ ከሰላት የሚሸሽ ያሲን የት አገር ታየ? ክርስቲያን ነው። የእስላም ሥጋ ላለመብላት ነው የሚገፋልህ፣ አንተ ግን ፍቅር መሰለህ። ክርስቲያንነቱ ምኔም አይደለም፤ ግማሹ ጎረቤቴ ክርስቲያን ነው፣ ሠርጌ ላይ ለየብቻ አርደን አብረን ጨፍረናል። ለጉዞው ሲል ስሙን የቀየረም ብዙ ነው። እኔን የከነከነኝ ከሥሩ ያለው ስም ነው።

የደምሴ ልጅ ሪያድ ነው አሉ። ከስደት የተመለሰ ሰው ባቲ ገበያ ላይ ሲያወራ በጆሮዬ ሰማሁ፤ ወለል ሲያበጅ አይቼዋለሁ አለ። ምልክቱን ታውቃለህ። በአካፋ አንገቱን ብሎ ወንድምህን ቦዩ ውስጥ ሲጥለው፣ አብዱልፈታህ ግራ ጆሮውን በጥርሱ ወስዶበታል። ከውኃው ስናወጣው ያንን ቁራጭ ከአፉ ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ እስካሁን ጣቶቼን እንደታጠብኩ አልቆጥረውም።

ደም አስታራቂው አበጋር ሽማግሌዎቹን አስከትሎ ሁለት ጊዜ መጣ። ደሙ ይድረቅ፣ በሬ ይታረድ፣ ሁለታችሁ ወገኖች ከአንድ ገበታ ብሉና ይብቃ ይላሉ። የአብዱልፈታህ ሸሚዝ ሳጥኔ ውስጥ ደሙ ሳይታጠብ አለ። እሱን አውጥቼ ፊታቸው ዘረጋሁትና፣ እዚህ ላይ ብሉ አልኳቸው። ተነሥተው ሄዱ።

የጉልበት መድኃኒቱ ደርሶኛል፣ ሌላ አትላክ። እኔ ከአንተ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ከዚያ ልጅ ራስ ላይ ያንን ሽማግ አውልቅና እይ።

አክስትህ ሰሊማ


ሪያድ
መጋቢት 25 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለአክስቴ፣

አሰላሙ አለይኩም። እንኳን ለረመዳን አደረሰሽ። ጾሙ እንዴት ይዞሻል? እኛ ደህና ነን።

ስለ ያሲን የጻፍሽው ግማሹ እውነት ሆነ፤ ክርስቲያን ነው። ጆሮው ግን ወላሂ ሙሉ ነው። ወላሂ አይቼዋለሁ። የመርሳ ልጅ ነው፣ ወላሂ። ሪያድ ሰፊ ከተማ ነው፣ ወለል የሚሠራ ሐበሻ እንደ አሸዋ ነው፤ አንድ ጆሮ ብሎ መፈለግ በጨለማ መርፌ መልቀም ነው።

ሥራው እንዳለ ነው። ትናንት በማፍጠሪያ ሰዓት አንዱ የክፍላችን ልጅ ቴምሩን አቀብለኝ ቢለኝ ትሪውን አንሥቼ ፊቱን መታሁት። አፍንጫው ተሰበረ። ምንም አላደረገኝም ነበር። እጄ ሰሞኑን ያለ እኔ ፈቃድ ይነሣል።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ እንዲያው ጨዋታ አንሥተን ስንከራከር ነው። ሳያውቅ ከደመኛው ጋር ከአንድ ትሪ የበላ ሰው በእኛ አገር ምን ይባላል?

ፈድሉ


ሐርቡ
ሚያዝያ 28 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለፈድሉ፣

ሰላም ይድረስህ። ዱዓውን ከደብዳቤው መጨረሻ ፈልገው፤ አሁን ሆዴ ሙሉ ነው።

ስትዋሽ መሐላ ታበዛለህ። ስምንት ዓመትህ ሳለ የጎረቤት እንቁላል ሰብረህ ሦስት ጊዜ ወላሂ ብለኸኝ ሦስት ጊዜ ገርፌሃለሁ። አሁንም ሦስት ጊዜ ወላሂ አልክ። ጆሮው ግማሽ ነው። አየኸው።

ሳያውቅ የበላ አልበላም። እሱን አላህም አይጠይቀው፣ እኔም አልጠይቅህ። ዐውቆ አንዲት ጉርሻ የዋጠ ግን የወንድሙን ሥጋ ነው የዋጠው። ከመቼ ጀምሮ እንደምታውቅ አንተ ታውቃለህ። ረመዳኑን ሙሉ አብረኸው አፍጥረሃል አይደል?

ትናንት የባንቴን እናት አልጋነሽን ቦዩ ዳር አገኘኋት። እንስራዋን አስቀምጣ ቆመች፣ ሰላም ልትለኝ አፏን ስትከፍት ተፋሁባት። ሁለት ዓመት ሙሉ ከልጇ አንድ ቃል አልሰማችም አሉ፤ በሕይወት መኖሩንም አታውቅም። እኔ እንዳወቅኩ ብታውቅ እግሬ ላይ በወደቀች። አልነገርኳትም፣ እንዳላወቀች ትቀመጥ።

አሁን ሽማግሌ አልፈልግም፣ በሬ አልፈልግም። አንተ እዚያ ነህ፣ እሱ እዚያ ነው። ብረት በእጅህ ነው፣ ሚስማር በእግርህ ነው። ወንድ የለኝም ብዬ ለሰው እንዳልናገር አድርገኝ። ሸሚዙን በመቀስ ቀድጄ ከአንገትጌው በኩል አንድ ክንድ ልኬልሃለሁ፤ ሰሚሃ ምን እንደያዘች አታውቅም። ካልሠራህ መልሰህ ላክልኝ፣ እኔ ራሴ መጥቼ እሠራዋለሁ።

አላህ ልብህን ያጽናው።

ሰሊማ


ሪያድ
ሰኔ 23 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለአክስቴ ለሰሊማ፣

አሰላሙ አለይኩም። ዒዱ እንዴት አለፈ? ይህን ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

ዋሽቼሻለሁ። ጆሮውን ያየሁት የመጀመሪያው ደብዳቤሽ በደረሰኝ ማግስት ነው። ተኝቶ ሳለ ሽማጉን ገለጥኩት። መልሼ አለበስኩት። ከዚያ በኋላ ከሁለት ወር በላይ ዐውቄ አብሬው በልቻለሁ። በየቀኑ ነገ ብዬ እተኛለሁ፣ በየቀኑ ሥጋውን ወደ እኔ ይገፋል።

ጨርቁ ሲደርሰኝ ግን አበቃ። በማግስቱ ዑረይጃ ሰፈር አንድ ቪላ ሥር ያለ የመኪና ማደሪያ እየሠራን ነበር። ከፈጅር ሰላት በኋላ ነው የገባነው፣ ፀሐይ ሳትበረታ ለማፍሰስ። ግማሹን አፍስሰን የሚስማር ጫማችንን አስረናል። አቡ ነዋፍ የጎደለ ዕቃ ሊያመጣ ሄዷል። ጨርቁን ከኪሴ አውጥቼ በባልዲው ክዳን ላይ ዘረጋሁት።

አየው። ሮለሩን አስቀመጠና፣ "መቼ ትጠይቀኛለህ እያልኩ ነበር" አለኝ። ከመጀመሪያው ቀን ዐውቆኝ ኖሯል፤ ፊትህ የእሱ ነው አለኝ። ታዲያ የአቡ ነዋፍን ዱላ የተቀበልክልኝ ለዚህ ነው ወይ አልኩት። አዎ አለ። ሥጋውስ አልኩት። ሥጋውስ ሃይማኖቴ ነው አለ። ይህን እንደ ቀልድ ሲናገረው ዓይኔ ጠቆረ።

በሮለሩ ብረት ጉንጩን መታሁት። ጥርሱ እርጥቡ ወለል ላይ ወደቀ። ዘሎ አንገቴን ያዘኝ፣ ተያይዘን ኢፖክሲው ላይ ተንከባለልን፣ ክርኑ አፍንጫዬን አደቀቀው። ቀድሜ ተነሣሁ። እጁን ወለሉ ላይ ተክሎ ሊነሣ ሲል በሚስማር ጫማዬ ረገጥኩት። ሙሉ ሰውነቴን ነው የጫንኩበት። አራት ሚስማር መዳፉን በስቶ ሲሚንቶውን ሲነካ በእግሬ ተሰማኝ። ጮኸ። ደሙ በግራጫው ወለል ላይ እየተዘረጋ ሄደ። የመለወሻውን ብረት በሁለት እጄ ከራሱ በላይ አነሣሁ።

እግሬን ሳላነሣ፣ ወንድሜን ለምን ገደልክ አልኩት። እንዲህ ብሎ መለሰልኝ፣ ቃል አልጨመርኩም፦

"ቅዳሜ የውኃ ተራው የእኔ ነበር። መጥረቢያ ይዞ መጣ። ተራው የእኔ ነው አልኩት። አክስቴ ናት የላከችኝ፣ ውኃውን ሳላዞር አልመለስም አለ። መጥረቢያውን አነሣ፣ በአካፋ መታሁት። ወደቀ። ወድቆም ጆሮዬን ነከሰኝና ደገምኩት። ሁለተኛው አያስፈልግም ነበር ፈድሉ። የመጀመሪያው ይበቃ ነበር።"

አክስቴ፣ ልጨርሰው ፈልጌ ነበር። ብረቱ ከራሱ በላይ ነበር። ግን የሚቀረኝ ሁለተኛው ምት ብቻ ነበር፣ እሱም አያስፈልግም ነበር ያለኝ ያንኑ ሁለተኛውን ነው። እጄ አልወርድ አለኝ።

በዚህ መሐል ባልዲው መጨስ ጀመረ። ከሥሬ ሆኖ ቀና ብሎ አየኝ። "ልትገድለኝ ከሆነ ግደለኝ፤ ካልሆነ እግርህን አንሣና ፍሌኩን በትን። ወለሉ እየደረቀ ነው" አለኝ።

እግሬን አነሣሁ። ሚስማሩ ሲወጣ የሰማሁትን ድምፅ አልጽፍልሽም። በአጠገቤ ሌላ ጨርቅ ስላልነበረ እጁን ያሰርኩት በላክሽው ሸሚዝ ነው። ከዚያ ሁለታችንም ተነሥተን በተንን፤ እሱ በአንድ እጁ፣ እኔ በሁለቱ፣ ነጩን፣ ግራጫውን፣ ጥቁሩን፣ ደሙ ያለበት ላይ ደግሞ አብዝተን። አቡ ነዋፍ ሲመለስ ተንሸራትተን ሚስማሩ ላይ ወደቅን ብሎት ነገሩ አለፈ። በማግስቱ ጠርገን ሽፋኑን ደረብንበት። ባለቤቱ መጥቶ ማሽአላህ አለ። ጥርሱም ደሙም ከሥር ነው፣ ቤቱ እስኪፈርስ እዚያው ይቀመጣል።

ያን ቀን ምሳ አንዱ እጁ ታስሯል፣ ሌላው ላይ ኢፖክሲ ደርቆበታል፤ መብላት አልቻለም። አጎረስኩት። ሥጋውን ለእኔ ትቼ ሩዙን አጎረስኩት። እያጎረስኩት አለቀስኩ፣ እሱም አለቀሰ፣ ክፍሉ ሁሉ ያየን ነበር።

ለአበጋሩ ንገሪው። ደም ፈሷል፣ ከአንድ ትሪም ተበልቷል። ጨርቅሽን መመለስ አልቻልኩም። አንቺ ግን አንድ ነገር መልሽልኝ፣ ያለ መሐላ። ቅዳሜ የማን ተራ ነበር?

ፈድሉ


ሐርቡ
ነሐሴ 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለፈድሉ፣ ላሳደግኩህ ልጄ፣

ወአለይኩሙሰላም። ዱዓውን ዛሬ ከፊት አድርጌዋለሁ፤ አላህ አፍንጫህን ይጠግንልህ፣ እጅህን እንደያዘልህ ይያዝልህ።

ደብዳቤህን ታቅፌ ሁለት ቀን ተቀመጥኩ። ቅዳሜ የእኛ ተራ አልነበረም። የእኛ ሰኞ ነው። ሽንኩርቴ ጠውልጎብኝ ነበር፣ ተራውን የሚያከፋፍለው የውኃ አባት ሰኞን ጠብቂ ቢለኝ አልሰማሁትም። አብዱልፈታህም፣ አክስቴ ተራው የሰው ነው ብሎኛል። ወንድ ከሆንክ ሂድ፣ ካልሆንክ ቀሚሴን ላልብስህ አልኩት። መጥረቢያውን ከማገሩ ላይ አውርጄ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ያንን ሽንኩርት ሸጬ ከፈኑን ገዛሁበት። እስከ ሰሞኑ ይህን ለሰው ተናግሬ አላውቅም። ሁለት ዓመት ሙሉ ባንቴ ባንቴ ስል የኖርኩት፣ ዝም ካልኩ የራሴ ድምፅ ስለሚመጣብኝ ነው። አንተንም ልበላህ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ቦዩን ተሻግሬ አልጋነሽ ደጅ ሄድኩ። ሽማግሌ አላስቀደምኩም፤ በደመኛ ደጅ እንዲህ አይገባም፣ ዐውቃለሁ። ልጅሽ አለ አልኳት። መሬት ላይ ቁጭ አለች። እሷ ፊደል አታውቅም፣ ስለዚህ የአንተን ደብዳቤ አነበብኩላት። መጀመሪያ የእኔን የሽንኩርቱን ጉድ ነገርኳት፣ ቀጥዬ አነበብኩላት። እኔ ሳነብ ፊደል በፊደል እየቆጠርኩ ስለሆነ አንዱም ቃል አላመለጣትም። ሚስማሩ ጋ ስደርስ ተነሥታ በጥፊ መታችኝ። ጥርሴ ተነቃነቀ። ደግማ መታችኝ። እጄን አላነሣሁም። ከዚያ መልሳ ቁጭ አለችና፣ ቀጥዪ አለችኝ። ቀጠልኩ። ማጉረሱ ጋ ስደርስ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቀጠቀች።

አበጋሩ መጣ። አንተና ባንቴ የሠራችሁት የእናንተ ነው፣ እዚህ ያለው ገና ነው አለ። በእኔ በኩል እሺ ብያለሁ፣ የቀረውን ሸሚዝ ከአብዱልፈታህ መቃብር አጠገብ ቀብሬዋለሁ። አልጋነሽ ግን ገበታ አልቀርብም ብላለች። ያልጻፍከው ነገር አለ። እሷ፣ ልጄ ግራኝ ነው፣ የሚያርሰውም የሚበላውም በግራው ነው፣ የተበሳው የትኛው እጁ ነው አለችኝ። ወረቀቱን አገላበጥኩት። አልጻፈውም አልኳት።

በየማለዳው እየመጣች ደጄ ላይ ትቆማለች። ግቢ ብላት አትገባም፣ በርጩማ ባወጣላት አትቀመጥም፣ ውኃ ብሰጣት አትቀበለኝም። ዛሬም ይህን ስጽፍ ቆማ እጄን እያየች ነው። ሰሚሃ እስክትመለስ ሁለት ወር ነው፤ ሌላ መንገደኛ ካገኘህ በእሱ ላከው። ረጅም አትጻፍ፣ ሰላምታም አታብዛ። ቀኙ ነው ወይስ ግራው?

ሰሊማ